ሀ3፣ ለ3፣ ሐ3

እኔ ፈሪ ነኝ። ለመሽኮርመም ብዬ አይደለም፤ ቤተሰቤን ጠይቁ። ታላቅ ወንድሜ መምህርነት ልማር መሆኔን ሲሰማ እስኪያንቀው ሳቀና፣ «አንቺ? ድመት ቀና ብላ ስታይሽ ይቅርታ የምትጠይቂው?» አለኝ። እማዬ ደግሞ፣ «ተዋት፣ ፈሪ ለእናቱ ነው» ብላ ተከላከለችልኝ። መከላከል ከተባለ።

ስለዚህ ኮሌጁ የመጀመሪያዎቹን የልምምድ ሳምንታት የማሳልፈው ከኋላ ተቀምጬ የማየውን በመጻፍ ብቻ እንደሆነ ሲነግረኝ እፎይ አልኩ። የክፍል ምልከታ ይባላል። ረቡዕ ረቡዕ ወደ አንድ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የአራተኛ ክፍል እገባለሁ፤ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች በተቆለሉበት ጥግ እቀመጣለሁ፤ እጽፋለሁ፤ እወጣለሁ። ማንም ምንም አይጠይቀኝም። በአራተኛው ረቡዕ ግን እኔ ፊት ቆሜ ላስተምር፣ አማካሪዬ ደግሞ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው እኔን ሊጽፉ ነው። 

አማካሪዬን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የተቀረጸ እርሳስ አለ፤ እስክሪብቶ አይነኩም። ምልከታን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

«የምታይውን ጻፊ፤ የሚመስልሽን አይደለም» ይላሉ። «‹ሰነፍ ነው› አይባልም። ምን አየሽ? እርሳሱን አስቀመጠ። በቃ፣ እሱን ጻፊ። ‹ተናደደች› ብሎ ነገርም የለም፤ ንዴት በእግሩ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስምም አይጻፍም። ወረቀት ይጠፋል፣ ይወድቃል፣ የሰው ልጅ ስም ማንም እጅ ይገባል ይላሉ ጋሼ። ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ ረድፎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንላቸዋለን፤ መ የመስኮቱ ረድፍ ነው። ወንበሮቹ ደግሞ ከፊት ወደ ኋላ ይቆጠራሉ። ሀ3 ማለት በበሩ ረድፍ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለ ልጅ ማለት ነው። ሴት ይሁን ወንድ እንኳ አይታወቅም፤ ሁሉም «ተማሪው» ነው።

ይህ ደንብ በልኬ የተሰፋ ልብስ ነበር። ስም ካላስፈለገኝ ልጆቹን መቅረብ አያስፈልገኝም። እረፍት ሲሆን፣ «ቲቸር፣ ምንድን ነው የምትጽፊው? እኔን ጽፈሽኛል?» እያሉ ሲመጡ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እሸሻለሁ። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ ማጅራታቸው ነው፤ ሹራባቸው አንድ ዓይነት፣ የሴቶቹ ሹሩባ አንድ ዓይነት። ከመሃላቸው አንዲት አፏ የማይከደን ልጅ እንዳለች በድምፅ አውቃለሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን ፈልጌ አላውቅም። ፊታቸውን አላውቀውም ማለት እችላለሁ።

በመጀመሪያው ረቡዕ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «ሀ3 ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል። መሃል ላይ አቆመ። ራሱ አልተንቀሳቀሰም። ልጆች ሳቁ። መምህርቷ እንዲቀጥል ነገሩት። ሌላ መስመር ላይ ቀጠለ።»

በሁለተኛው ረቡዕ። «ለ3 ከሰሌዳ ይገለብጣል። እጁ ቆመ። እርሳሱ ወደቀ። አላነሳውም። ቆይቶ አነሳው።»

በሦስተኛው ረቡዕ ክፍሉ በሙሉ የማባዛት ሰንጠረዥ በአንድ ድምፅ እያለ፣ ራሶች ሁሉ አብረው እየተወዛወዙ ነበር። «የሐ3 ራስ ቆመ» ብዬ ጻፍኩ። «ከዚያ መወዛወዙን ቀጠለ።»

ይህን ስጽፍ ኮሌጅ ስለ ልዩ ፍላጎት የምታስተምረን መምህርት ያለችው ትዝ አለኝ። የሚጥል በሽታ ሁሉ አይጥልም ብላናለች። ልጁ አይወድቅም፣ አረፋ አይደፍቅም፤ ዓይኑን እንደከፈተ ለትንሽ ጊዜ ከራሱ ይወጣና ይመለሳል፤ መሄዱን እሱ ራሱ አያውቅም። «አንድ ጊዜ ካያችሁ ተዉት፣ ማንም ሰው ይፈዛል» አለች። «አንድ ልጅ ላይ ደጋግማችሁ ካያችሁ ግን ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ሐኪም ይየው። እስከዚያው ከፍታ ላይ አይውጣ፣ ውሃ ዳር ብቻውን አይሂድ።»

ወረቀቶቼን ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ሀ3፣ ለ3፣ ሐ3። ሦስት የተለያዩ ልጆች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ። ደስ አለኝ። መፍዘዝማ በሽታ ቢሆን ቀድሜ የምታከመው እኔ ነበርኩ። ለክፍሉ ኃላፊ መምህርት ልንገራቸው ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን እሳቸውን ማናገር ያስፈራኛል፤ ድምፃቸው ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ግቢው በር ይሰማል። ከማባዛት ሰንጠረዡ በፊትም ሆነ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ለራሴ ነገርኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አራተኛው ረቡዕ ደረሰ።

ቁርስ አልበላሁም። የመምህራን ክፍል ገብቼ የትምህርት ዕቅዴን ሳነብ ፊደሎቹ ይዋኛሉ። ጋሼ ደረሱና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ወንበርሽን ሳይቀድሙኝ ልያዝ» ብለው ወደ ላይ ወጡ።  ክፍል ውስጥ ቆሜ «ሀ3፣ ተነስ» ማለት እንደማልችል ያኔ ነው የገባኝ። ልጆች በስማቸው ነው የሚጠሩት። የክፍሉ ኃላፊ ጥግ ላይ ሻይ ይዘው ደብተር ያርማሉ። እንደምንም ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ። ልጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ ከነስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ይኖርዎታል?»

«የዛሬውን ነው የምትፈልጊው?»

«የዛሬውን ማለት?»

«ይዞራሉ እኮ፣ ልጄ። ሰኞ ሰኞ። የበሩ ረድፍ ወደ መሃል ይገባል፣ የመሃሉ ወደ መስኮት ይገፋል፣ የመስኮቱ ተመልሶ በር ላይ ይቀመጣል። አለበለዚያ አንዷ እናት መጥታ ‹ልጄን በር ላይ ጥላችሁ በብርድ ገደላችሁብኝ›፣ ሌላዋ መጥታ ‹ፀሐይ ጠበሰብኝ› ስትል ማን ይችላል?» ሻያቸውን ፉት አሉ። «እስካሁን አልነገርኩሽም እንዴ?»

«ከፊት ወደ ኋላስ ይቀያየራሉ?»

«እሱስ በቁመት ነው፤ አይነካም። ሦስተኛ ያለው እዚያው ሦስተኛ ነው። ረድፉ ብቻ ነው የሚሄደው።»

ክው አልኩ። ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም። ሀ3፣ ለ3፣ ሐ3። ሦስት ልጆች አልነበሩም። አንድ ልጅ ነው። ሰኞ ሰኞ አንድ ረድፍ እየተገፋ፣ ረቡዕ ረቡዕ እኔ እየመጣሁ፣ በየሳምንቱ አዲስ ልጅ አድርጌ ስጽፈው የከረምኩት። ስም ጽፌ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት አየው ነበር።

«እትዬ» አልኩ። «ዛሬ በመስኮቱ ረድፍ ሦስተኛ ላይ ያለው ማን ነው?»

«ሬዲዮ ናታ!» ሳቁ። «አባቷ ናቸው አሉ ቅጽል ስሙን ያወጡላት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት፤ እኛም እንደዚያው ነው የምንላት። ደግሞ ይኸውልሽ፣ አፏ ትንሽ ይረፍ ብዬ ሥራ ሰጥቻታለሁ። የዚህ ሳምንት የመስኮት ተረኛ እሷ ናት። መቀርቀሪያው ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ካልተወጣ አይደረስም፤ እሷ ደግሞ እንደ ዝንጀሮ ነው የምትወጣው። ደወል ሲደወል…»

ደወሉ ተደወለ።

ሮጥኩ። የትምህርት ዕቅዴ፣ ጠመኔው፣ በካርቶን የሠራሁት የክፍልፋይ ክብ፣ ሁሉም ከእጄ ላይ ተበተነ። ከኋላዬ የእትዬ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ገና አሁን እኮ ነው የተደወለው!» ሲል ሰማሁት። ሰማሁትና አልመለስኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የሮጥኩት ከሚያስፈራኝ ነገር ለመራቅ ነበር፤ ወደሚያስፈራኝ ነገር ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደረጃው ላይ ልጆች ተጨናንቀው ይወጣሉ። «አሳልፉኝ» ማለት ፈልጌ ምላሴ ተሳሰረ። በክርኔ እየገፋሁ አለፍኩ። አንዱን ልጅ ቦርሳውን አስጣልኩት። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግቢው ወለል ሲሚንቶ ነው።

በሩን ስከፍት ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ፊታቸውን አንድ ላይ ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ጋሼ ከኋላ፣ የእኔ ወንበር ላይ፣ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ።

እሷ መስኮቱ ላይ ነች።

ደፉ ላይ ቆማለች፣ ፊቷ ወደ ክፍሉ፣ ጀርባዋ ወደ ውጭ። አንዱ መዝጊያ ተከፍቷል። ባንድ እጇ ክፈፉን ይዛ፣ ሌላው እጇ መቀርቀሪያው ላይ ሆኖ ታወራለች። ትንሽ ልጅ ናት፤ የካልሲዋ አንዱ እግር ወርዷል።

«…ከዚያላችሁ ድመቷ ድስቱ ውስጥ ገብታ ተኛች። አባዬ ደግሞ ሳያይ መጣና ክዳኑን…»

ቆመች።

ልጆቹ ሳቁ። «ሬዲዮ ጠፋ!» አለ አንዱ። «ባትሪ አለቀ!» አለች ሌላዋ። ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ፣ የተበላሸ ሬዲዮ እንደሚመታ ሰው፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረቅ ጠረቅ አደረገው። ይበልጥ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ክፍት ነው። መቀርቀሪያውን የያዙት ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። ከዚያ ክፈፉን የያዙትም መላላት ጀመሩ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ብጮህ ልጆቹ ይነሣሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ያ መዝጊያ በነፋስ ይወናጨፋል። እውነቱን ልናገር፣ ብፈልግም ድምፅ የሚወጣኝ አይመስለኝም። ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለው መንገድ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ካለው የረዘመ መሰለኝ። ሀን አለፍኩ፣ ለን አለፍኩ፣ ሐን አለፍኩ።  አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታስተምሪን?» ብሎ ቀሚሴን ያዘ፤ እጁን አስለቀቅኩ። መ3 ጋ ስደርስ እጄን ዘረጋሁ፤ መጀመሪያ የደረስኩት ሹራቧ ላይ ነው። ጨመደድኩት። ከዚያ ወገቧን ይዤ ወደ ደረቴ ሳብኳት።

ቀላል ነበረች። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ሆነ፤ ዓይኖቿ ወደ እኔ ያያሉ፣ እኔን ግን አያዩም። ከከፍታው ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። ቤቱ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰው የሌለበት ነገር። በስሟ ልጠራት ፈለግኩና ስሟን እንደማላውቀው አስታወስኩ።

ከዚያ ዐይኗን ርግብ ርግብ አደረገችና ተመለሰች።

«…ገጠመው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ድመቷ ድስት ውስጥ እንዳለች ክዳኑ ተገጠመባት፤ ቀልዱ ያ ነበር። ራሷም ሳቀች። ከዚያ እግሯ መሬት እንደማይነካ፣ ማን እንዳቀፋት አየች።

«ቲቸር፣ ምን ሆንሽ? ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጪው?»

 እዚያው ረድፎቹ መሃል፣ ወለሉ ላይ፣ እሷን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ልጆቹ አዲስ ዓይነት ጨዋታ መስሏቸው ጠበቁ። በኋላ፣ ክፍል ፊት መምህር ሆኜ የተናገርኩት የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ሆነ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው መስኮት ላይ አይወጣም።» ለወራት መስታወት ፊት የተለማመድኩት ሰላምታ የት እንደገባ አላውቅም።

አስተማርኩ ከተባለ አስተማርኩ። ሬዲዮን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ ክፍልፋዩን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንኳ በአንድ ዓይኔ እሷን እጠብቃለሁ። ሩቡን ግማሽ ብዬ ጻፍኩና የክፍሉ አለቃ የሆነው ልጅ አረመኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጋሼ ወረቀታቸውን ሰጡኝ። በዚያ በተስተካከለ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «ተለማማጇ ዘግይታ ገባች። የማስተማሪያ መሣሪያ አልያዘችም። ሰላምታ አልሰጠችም። ከሰሌዳው ይልቅ ወደ መስኮቱ ሄደች። መ3 ደፉ ላይ» ይልና እዚያ ያበቃል። የቀረው ወረቀት ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ቀሪውስ?»

«እርሳሱ ከእጄ ወደቀ» አሉ።

የእኔን ወረቀቶች አውጥቼ ሦስቱን መስመሮች አሳየኋቸው፤ ሰኞ ሰኞ ረድፉ እንደሚዞርም ነገርኳቸው። ማብራራት አላስፈለገኝም። መነጽራቸውን አወለቁና ሳይጠርጉት መልሰው አደረጉት።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ እርሳሳቸውን አንስተው፣ «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

እትዬ ነገሩን። ጋሼ መ3 የሚለውን ሰርዘው ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፉ። እኔም በሦስቱም ወረቀቶቼ ላይ እንዲሁ አደረግሁ። 

እናትዬዋ ተጠርታ ከሰዓት በኋላ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሥራ በሩጫ ስለመጣች ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀሚሷ ላይ ክር ተለጥፏል። የመምህራን ክፍል በር ላይ ልጅቷን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ገባች።

«ደግሞ ምን ተናገረች?» አለች ገና ሳትቀመጥ። «አፏን ዝጊ እያልኳት እኮ ነው የምልካት።»

እትዬ ተናገሪ ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ያ የሚያስተጋባ ድምፃቸው ዛሬ የት እንደሄደ እንጃ። እኔም ያየሁትን ብቻ ተናገርኩ፤ የሚመስለኝን አይደለም። ሲያወሩ ማቆም፣ እርሳስ ሲወድቅ አለማንሳት፣ ሲስቁባት አለመስማት፣ ዓይን ተከፍቶ አለማየት። የመስኮቱን ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪም ሊያያት እንደሚገባ፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ መድኃኒት እንዳለው፣ እስከዚያው ግን ብቻዋን ከፍታ ላይ እንዳትወጣ ነገርኳት።

«ቤትስ እንዲህ ስትሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳት።

«ቤት…» አለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር። «ቤትማ ዝም ስትል ‹ተመስገን፣ ጆሯችን አረፈ› ነው የምንለው። አባቷ ‹ባትሪዋ አለቀ› ይላል። እንስቃለን።» ሜትሩን ጠቅልላ ጨረሰችና ፈታችው። «ስንት ጊዜ ሳቅን?»

እኔን ነው የጠየቀችው። እኔ ያለኝ ሦስት መስመር ነው። ማንም ያልጻፈውን ማን ይነግራታል?

ውጭ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ለጥበቃው የድመቷን ታሪክ እንደ አዲስ ጀምራለታለች፤ ድመቷ ድስቱ ውስጥ ገባች፣ ተጠቀለለች፣ አባዬ ሳያይ መጣ። ሦስታችንም ሳንነጋገር ጆሯችንን ወደ በሩ ሰጠን። እትዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

ድምፁ ቆመ።

እናትዬዋና እኔ እኩል ተነሣን። ወንበሬ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁ። እሷ ቀድማኝ በሩን በረገደችው።

ልጅቷ ከቧንቧው ሥር አጎንብሳ ውሃ እየጠጣች ነው። ቀና ብላ አገጯን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች፤ እናቷን አየች፣ እኔን አየች፣ የሁለታችንን ፊት ስታይ እሷም ፈራች።

«ብዙ አወራሁ እንዴ?» አለች።

እናቷ ሄዳ የወረደውን ካልሲዋን ሳበችላትና እዚያው እግሯ ሥር ቁጢጥ አለች።

«አላወራሽም» አለቻት። «አውሪ፣ ልጄ። አውሪ።»